የሁለት ነገሮች ተዛምዶ፦ ተረቱና እውነታው

ሁለት ተለዋዋጮች ይዛመዳሉ የሚባለው አንዱ ሲለወጥ ሌላውም በሚታወቅ አቅጣጫ የመለወጥ ዝንባሌ ሲያሳይ ነው። ከቆላ ወደ ወይና ደጋ፣ ከወይና ደጋ ወደ ደጋ በተወጣ ቁጥር አየሩ ይቀዘቅዛል፤ በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይቀንሳል። የከተሞችን ከፍታ በአግድም፣ አማካይ ሙቀታቸውን በቁም መስመር ላይ ለክቶ ለእያንዳንዱ ከተማ አንድ ነጥብ ያኖረ ሰው፣ ነጥቦቹ ከግራ ወደ ቀኝ ቁልቁል ሲወርዱ ያያል። ይህ አሉታዊ ተዛምዶ ነው። ሁለቱ አብረው የሚጨምሩ ከሆነ ደግሞ ተዛምዶው አዎንታዊ ይባላል። ነጥቦቹ ለአንድ ቀጥታ መስመር ምን ያህል እንደሚቀርቡ የሚለካው ቁጥር «አር» ይባላል። ሐሳቡን ፍራንሲስ ጋልተን በ1888 አቀረበው፤ ካርል ፒርሰን በ1896 በሒሳብ አደላደለው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አር ከ-1 እስከ +1 ባለው ክልል ውስጥ ይውላል። የሚናገረውም ነጥቦቹ ለመስመሩ ያላቸውን ቅርበትና አቅጣጫቸውን ብቻ ነው፤ ምክንያታቸውን አይናገርም።

ጉዳት ያደረሰው ተረት የሚጀምረው ከዚሁ ነው፦ «ሁለት ነገሮች አብረው ከታዩ አንዱ ሌላውን አምጥቶታል።» እምነቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ገበሬ ደመናን ከዝናብ፣ እናት የልጇን ሕመም ከበላው ምግብ ጋር እያገናኙ ብዙ እውነት አግኝተዋል። መንስኤና ውጤት ባለበት ቦታ ተዛምዶ አብዛኛውን ጊዜ ይታያል። ስሕተቱ ነገሩን ገልብጦ፣ ተዛምዶ ባለበት ሁሉ መንስኤ አለ ማለቱ ላይ ነው። ሀ ለን አምጥቶት ሊሆን ይችላል፤ ለ ሀን አምጥቶትም ሊሆን ይችላል፤ ሦስተኛ ነገር ሁለቱንም አምጥቷቸው ሊሆን ይችላል፤ አጋጣሚም ሊሆን ይችላል። አር ለአራቱም አንድ ዓይነት ቁጥር ይሰጣል።

የዚህን ስሕተት ዋጋ ከሚያሳዩት ታሪኮች አንዱ የወር አበባቸው ለተቋረጠ ሴቶች ይሰጥ የነበረው የሆርሞን መድኃኒት ነው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በርካታ የምልከታ ጥናቶች ሆርሞን የሚወስዱና የማይወስዱ ሴቶችን አነጻጸሩ። በ1976 የተጀመረውና ከ120,000 በላይ ነርሶችን የተከታተለው ትልቅ ጥናት ከእነዚህ አንዱ ነበር። ውጤቱ የሚያጓጓ ነበር፤ ሆርሞን የሚወስዱት በልብ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው በግማሽ ገደማ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ከዚህ በኋላ መድኃኒቱ ልብን ይጠብቃል የሚለው ቃል በሐኪሞች ክፍልና በመጽሔቶች ተሠራጨ፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሴቶችም ወሰዱት።

ይሁን እንጂ መድኃኒቱን የሚወስዱት ሴቶች እነማን ነበሩ? በአመዛኙ የተሻለ ገቢና ትምህርት ያላቸው፣ ሐኪም ዘንድ አዘውትረው የሚሄዱ፣ ስፖርት የሚሠሩ ነበሩ። ልባቸው የተሻለ ለመሆኑ ሆርሞኑን ሳይጨምሩ እንኳ በቂ ምክንያት ነበራቸው። በካሊፎርኒያ በተደረገ አንድ ክትትል ሆርሞን የሚወስዱ ሴቶች በአደጋና በሰው እጅ የመሞት ዕድላቸውም ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ሰውን ከነፍሰ ገዳይ የሚያድን እንክብል የለም። ያ ውጤት ብቻ፣ ልዩነቱ ከመድኃኒቱ ሳይሆን ከሴቶቹ ኑሮ ሊመጣ እንደሚችል ለማስጠንቀቅ ይበቃ ነበር።

መልሱ የመጣው በዕጣ ከተደለደለ ሙከራ ነው። ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 79 የሆኑ 16,608 ሴቶች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሾቹ ሁለት ሆርሞኖችን ያጣመረ መድኃኒት፣ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበት ተመሳሳይ እንክብል ወሰዱ። የዕጣው ጥቅም እዚህ ላይ ነው፦ ሀብታሙም ድሃውም፣ ጠንቃቃውም ቸልተኛውም በሁለቱም ወገን በእኩል ገደማ ይደርሳል፤ የታወቀው ብቻ ሳይሆን ማንም ያላሰበው ሦስተኛ ነገር ጭምር። ሙከራው በሐምሌ 2002 ከታቀደለት ጊዜ ቀድሞ እንዲቆም ተደረገ። ሆርሞን በወሰዱት ላይ የጡት ካንሰር በ26 በመቶ፣ የልብ ሕመም በ29 በመቶ፣ ስትሮክ በ41 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። ለአንዲት ሴት ጭማሪው ትንሽ ነው፤ በዓመት ከ10,000 ሴቶች የጡት ካንሰርም ስትሮክም 8 ያህል፣ የልብ ሕመም 7 ያህል ተጨማሪ ሰው ይይዛል። ለሚሊዮኖች ሲታዘዝ ግን ጥቂት አይደለም። የዳሌ አጥንት ስብራት ቀንሷል፤ መድኃኒቱ ለወር አበባ መቋረጥ ምልክቶች አሁንም ይታዘዛል። ገና በ50ዎቹ መጀመሪያ ለሚጀምሩት ሴቶች በልብ ላይ ያለው ውጤት የተለየ ነው ወይ የሚለው ክርክርም አልተዘጋም። ልብን ለመጠበቅ ተብሎ ለጤነኛ ሴት መስጠቱ ግን ቀርቷል።

ጥንቃቄ ራሱ ምን ያህል ሊያሳስት እንደሚችል በ1980 የወጣ ሌላ ውጤት ያሳያል። የልብ ሕመም በነበረባቸው ወንዶች ላይ በተደረገ ሙከራ፣ መድኃኒት የሌለበትን እንክብል ከታዘዘላቸው መካከል አዘውትረው የዋጡት በአምስት ዓመት ውስጥ 15 በመቶ፣ ያላዘወተሩት 28 በመቶ ሞቱ። እንክብሉ ውስጥ ምንም አልነበረም። ይህ ሁሉ በታወቀበት ዘመን «እገሌ የተባለ ምግብ የሚበሉ ሰዎች ዕድሜያቸው ይረዝማል፤ ስለዚህ ብሉት» እያለ የሚጽፍና የሚያሰራጭ ሰው አላወቅሁም ሊል አይገባውም። አንድ ጥያቄ ይበቃው ነበር፦ የሚበሉት ከማይበሉት በሌላ በምን ይለያሉ?

ተቃራኒው ተረት ደግሞ ተዛምዶ ምንም አያስረዳም የሚለው ነው፤ እርሱም ሰው ገድሏል። ሪቻርድ ዶልና ብራድፎርድ ሂል በ1950 ሲጋራንና የሳንባ ካንሰርን ካዛመዱ በኋላ፣ ታላቁ የስታቲስቲክስ ሊቅ ሮናልድ ፊሸር ማጨስንም ካንሰርንም የሚያመጣ የዘር ውርስ ሊኖር ይችላል ብሎ ተከራከረ። ለትምባሆ አምራቾችም አማካሪ ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ መልስ ግን ተሰጥቶታል። ጀሮም ኮርንፊልድና ባልደረቦቹ በ1959 እንዳሳዩት፣ አጫሾች በዘጠኝ እጥፍ የሚታመሙበትን ልዩነት አንድ ድብቅ ነገር ብቻውን እንዲያመጣው ያ ነገር በአጫሾች ዘንድ ቢያንስ ዘጠኝ እጥፍ መብዛት አለበት። እንዲህ ያለ ነገር አልተገኘም። ብዙ ያጨሱ ይበልጥ ይታመማሉ፤ ያቆሙት አደጋቸው ይቀንሳል። ሰውን በዕጣ አጫሽ ማድረግ በማይቻልበት ቦታ እንዲህ ያሉ ማስረጃዎች ሲደራረቡ መንስኤን ያረጋግጣሉ።

የቀሩት ተረቶች አጭር መልስ ይበቃቸዋል። «አር ዜሮ ከሆነ ዝምድና የለም» ይባላል። አር የሚለካው ቀጥታ መስመርን ብቻ ነው። ዝናብ ሲያንስ ሰብል ይደርቃል፣ ሲበዛ ይበሰብሳል፣ ሲመጠን ያፈራል፤ ይህ ጽኑ ዝምድና ሆኖ ሳለ አር ዜሮ አጠገብ ሊወድቅ ይችላል። «አር 0.5 ማለት 50 በመቶ ማለት ነው» የሚለውም ስሕተት ነው። የአንዱ ልዩነት ምን ያህሉ ከሌላው ጋር በቀጥታ መስመር እንደሚያያዝ ለማወቅ አር በራሱ ይባዛል፤ ስለዚህ 25 በመቶ ነው። አር ወደ 1 መቅረቡም ለውጡ ትልቅ መሆኑን አያሳይም። ነጥቦቹ መስመሩ ላይ ተጠግተው መስመሩ ራሱ ዝግ ብሎ የሚወጣ ሊሆን ይችላል።

«ለአካባቢው የሠራ ለግለሰቡም ይሠራል» የሚለውን ዊልያም ሮቢንሰን በ1950 አፈረሰው። በአሜሪካ የ1930 ቆጠራ የውጭ ተወላጆች በበዙባቸው ግዛቶች መሃይምነት ዝቅተኛ ነበር፤ አር -0.53 ነው። ሰው በሰው ሲታይ ግን ምልክቱ ተገልብጦ +0.12 ሆነ፤ የውጭ ተወላጆቹ ከሌላው ይልቅ መሃይም የመሆን ዕድላቸው ከፍ ያለ ነበር። የሰፈሩት ግን ነባሩ ሕዝብ በተማረባቸው ግዛቶች ነው።

በመጨረሻም «ቁጥሩ ካለ ሥዕሉ አያስፈልግም» የሚል አለ። ፍራንሲስ አንስኮምብ በ1973 እያንዳንዳቸው 11 ነጥብ ያላቸው አራት የመረጃ ስብስቦች አዘጋጀ። በአራቱም አር 0.82 ነው፤ አማካዮቹም እኩል ናቸው። ሲሳሉ ግን አንዱ ተራ ደመና መሰል መስመር፣ ሁለተኛው ጥምዝ፣ ሦስተኛው አንድ የራቀ ነጥብ ያጣመመው ቀጥታ መስመር ነው፤ አራተኛው ደግሞ ያለ አንድ ነጥብ ዝምድና የሚባል ነገር የለውም። አር ብቻ ተነግሮት ሥዕሉን ያላየ አንባቢ ሥዕሉን ይጠይቅ።