ባለቤታችን 40 ዓመት ሲሞላት



«ባለቤቴ 40 ዓመት ሊሞላት ነው፤ ጉዞና የቤተሰብ ግብዣ ባዘጋጅላት እንዴት ይታያል?» የሚሉን ወንድሞች አሉ። በልደት ቀን አከባበር ላይ ዑለማዎች ይለያያሉ፤ ከፊሎቹ ይከለክሉታል፣ ከፊሎቹ እንደ ልማድ ያዩታል። ቀኑም ቢሆን በአቆጣጠር ይለያያል፤ የሒጅራ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር፣ በፀሐይ አቆጣጠር 40 የሞላት እህት በሒጅራው 41 አልፏታል።

ስለዚህ ከቀኑ ይልቅ ዕድሜውን እናስብ። ሱረቱል አሕቃፍ አንቀጽ 15 የእናትን የእርግዝናና የወሊድ ድካም ካወሳ በኋላ 40 ዓመትን ይጠቅሳል። እዚያ ዕድሜ የደረሰ ሰው አላህ ለርሱና ለወላጆቹ የዋለውን ጸጋ ለማመስገን እንዲያበቃው ይለምናል።

እንግዲያው ጉዟችን ወዴት ይሁን? ወላጆቿ በሕይወት ካሉ ወደነርሱ ነው። ካለፉም በስማቸው ሶደቃ እናውጣ፤ ዱዓ እናድርግ፤ ዘመዶቿንም እንዘይር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በጉዞ ላይ ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ጋር ሩጫ መሽቀዳደማቸውን አቡ ዳዉድ ዘግበዋል፤ ባለቤትን ማስደሰት የርሳቸው ፈለግ ነው። ተበድሮ መደገስ ግን ደስታዋን ነገ የቤቱ ጭንቀት ያደርገዋል።

ወንድሞች፣ ግብዣውን ከማሰባችን በፊት ዛሬ ማታ አንድ ነገር እንጠይቃት፦ «እናትሽን ካየሽ ስንት ጊዜሽ ነው?»

ወሰላሙ ዐለይኩም።