ሦስቱ ፊቶች፤ ስለ ምሳሌያዊ ሥዕልና ስለ ግልባጩ

ሥዕል በቤት ውስጥ መስቀል መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ባለቤቱ የሰቀለው ሥዕል ምን እንደሚል ካላወቀ፣ ግድግዳ ከመሸፈን በቀር የሚሰጠው ጥቅም የለም። ይልቁንም ምሳሌያዊ ሥዕል እንደ ቅኔ ሰምና ወርቅ ያለው ስለ ሆነ፣ ሰሙን ብቻ አይቶ የሚያልፍ ሰው ወርቁን ጥሎ ይሄዳል።

ክቡራን አንባቢዎቻችን ነገሩን በአንድ ቤት እንዲመለከቱት፣ ቤቱ በጀልዴሳ ነው እንበል። ጀልዴሳ ከድሬዳዋ በሰሜን ምሥራቅ በቆላው የምትገኝ፣ በቀድሞ ዘመን ከዘይላ ወደ ሐረር የሚወጣው ሲራራ የሚያርፍባት በር ነበረች። ከባሕር የመጣው ጭነት በዚያ ከግመል ወርዶ፣ በበቅሎና በአህያ ተጭኖ ወደ ደጋው ይወጣ ነበር። በ1902 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው) የምድር ባቡር ድሬዳዋ ሲደርስ ግን ንግዱ ሐዲዱን ተከተለ። ስለዚህ በጀልዴሳ የአያትና የልጅ ልጅ ዘመን እጅግ የተራራቀ ነው፤ የአያቱም ወሬ ካልተነገረ ይጠፋል።

ለእንዲህ ያለ ቤት የሚስማማ አንድ ሥዕል አለ። የቬኒሱ ታላቅ ሠዓሊ ቲትያን ከ1550 እስከ 1565 ባለው ጊዜ ውስጥ በዘይት ቀለም የሣለው ነው፤ «የአስተዋይነት ምሳሌ» ይባላል፤ ዛሬም በለንደን በብሔራዊው የሥዕል ቤተ መዘክር ይገኛል። ቁመቱ 76 ሴንቲሜትር፣ ወርዱ 68 ሴንቲሜትር ያህል ነው። በሥዕሉ ላይ ሦስት የሰው ፊቶች አሉ፤ ሽማግሌው በጥላ ሆኖ ወደ ግራ፣ ጐልማሳው ወደ ፊት፣ ወጣቱ በብርሃን ሆኖ ወደ ቀኝ ይመለከታል። ከሽማግሌው ሥር ተኵላ፣ ከጐልማሳው ሥር አንበሳ፣ ከወጣቱ ሥር ውሻ ተሥሏል።

ትርጓሜው በአምስተኛው መቶ ዓመት የነበረው ማክሮቢዮስ የተባለ ጸሐፊ፣ በእስክንድርያ ስለ ነበረ ጥንታዊ ምስል ከጻፈው የመጣ ነው። ተኵላው ያለፈው ዘመን ነው፤ መታሰቢያን ነጥቆ ይወስዳልና። አንበሳው ያለው ዘመን ነው፤ የመሥራት ኀይል በእርሱ ዘንድ ነውና። ውሻው የሚመጣው ዘመን ነው፤ በተስፋ ያቈላምጣልና። ከበላዩ የተጻፈው የላቲን ቃልም፣ የዛሬ ሰው ነገን እንዳያበላሽ ከትናንት ይማር የሚል አሳብ አለው። አንዳንድ ሊቃውንት ሽማግሌው ቲትያን ራሱ፣ ጐልማሳውም ልጁ ኦራሲዮ ነው ብለው ተርጕመዋል፤ እንዲህ ከሆነ ሥዕሉ የቤተ ሰብ ሥዕል ነው።

ይህ አሳብ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ በ1961 ለተመረቀው ለአዲስ አበባው የአፍሪካ አዳራሽ በባለ ቀለም መስተዋት የሠሩት ታላቅ ሥራ፣ በሦስት መስኮቶች ያለፈውን ኀዘን፣ ያለውን ትግልና የሚመጣውን ተስፋ ያሳያል።

ግልባጭ ማሠራትም ነውር አይደለም። በሮማ በታላቂቱ የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ያለችው የእመቤታችን ሥዕል ቅጂ ወደ አገራችን ከመጣ በኋላ፣ የኢትዮጵያ ሠዓሊዎች ደጋግመው ሥለዋታል፤ መልኳንም ጠብቀው የራሳቸውን እጅ ጨምረውበታል። ነውሩ ግልባጩን ዋናው ነው ማለት ነው። በፓሪስ የሉቭር ቤተ መዘክር ውስጥ የሚገለብጥ ሠዓሊ ሥራውን ከዋናው ቢያንስ በአንድ አምስተኛ እንዲያሳንስ ወይም እንዲያተልቅ፣ የዋናውንም ሠዓሊ ፊርማ እንዳይጽፍ ይታዘዛል። እንዲሁ የቤት ባለቤት ከሥዕሉ ጀርባ «ከቲትያን የተገለበጠ» ብሎ የገልባጩን ስምና ዓመቱን ያጽፍ። እንዲህ ያደረገ ሰው በእንግዳ ፊት አያፍርም፤ ልጆቹም ቢወርሱት አይታለሉም፤ ሌላውንም አያታልሉም።

በጀልዴሳ ቆላ ፀሐይ የሚያገኘውን ግድግዳ መሸሽ ይገባል፤ ብርሃንና ሙቀት ቀለሙን ያደበዝዙታል፤ ይሰነጥቁታልም። የቡናና የዕጣን ጢስም ያጠቍረዋል። አቧራውን በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ማንሣት እንጂ በእርጥብ ጨርቅ ማሸት አይገባም። ደግሞም በዚያ አገር ጎረቤቱ አብዛኛው ሙስሊም ስለ ሆነ፣ እንግዳ በሚሰግድበት ክፍል ሥዕል አለመስቀል የጨዋ ቤት ወግ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ከሥዕሉ ሥር የሚነገረው ነገር ነው። ማታ ቤተ ሰቡ ሲሰበሰብ አያት ስለ ግመሉ መንገድ ይናገር፤ አባት ስለ ዛሬ ሥራው ይናገር፤ ልጅም ነገ ምን ሊሠራ እንደሚያስብ ይጠየቅ። ይህ ያልተደረገበት ቤት ሥዕሉ ቢኖረውም ተኵላው የአያቱን ዘመን በልቶ ይጨርሳል፤ ለልጁም የሚቀርለት የውሻው ማቈላመጥ ብቻ ነው።