ከጉርሻ በኋላ ያለው ቁጥር

አክስቴ በየማለዳው ጣታቸውን ይወጋሉ። ማሽኗ 118 ካለች «ተመስገን» ብለው ነጠላቸውን ያጣፋሉ፤ 127 ካለች ማታ የበሉትን እያስታወሱ ራሳቸውን ይወቅሳሉ። ሦስት ወር እንዲህ ከርመው ለቀጠሮ ሲሄዱ ኤዋንሲ የሚባለው የደም ምርመራ 7.9 ሆኖ ተገኘ። የሦስት ወሩ አማካይ ስኳራቸው ወደ 180 ይጠጋል ማለት ነው። ቤት እንደገቡ «ይቺ ማሽን ቀጣፊ ናት» አሉ።

ማሽኗ አልቀጠፈችም፤ የተጠየቀችውን ብቻ መለሰች። ቀበናን በጥር ተሻግሮ «ይሄ ወንዝ ሰው አይወስድም» እንደማለት ነው። ጠዋት በባዶ ሆድ የሚለካ ስኳር በዋናነት ጉበት ሌሊቱን ምን ያህል ሲለቅ እንዳደረ ይናገራል። ከምሳ በኋላ ስለሚመጣው ሙላት የሚያውቀው የለም።

ሙላቱ ሙላት የሚሆነው ደም ውስጥ ያለው ስኳር ጥቂት ስለሆነ ነው። በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚዘዋወረው ግሉኮስ ከ4 እስከ 5 ግራም ነው፤ አንዲት የሻይ ማንኪያ። አንድ እንጀራ ተፈጭቶ ሲያልቅ የዚያን ብዙ እጥፍ ወደ ደም ይልካል። ምራቅ ገና አፍ ውስጥ ስታርቹን መሰባበር ይጀምራል፣ ትንሹ አንጀት ይጨርሰዋል። ጤነኛ ሰው ላይ ይህ ሁሉ ሲሆን ቁጥሩ ብዙም ንቅንቅ የማይለው ቆሽት ፈጣን ስለሆነች ነው። ምግቡ አንጀት እንደደረሰ ከአንጀት የሚነሱ ሆርሞኖች ይቀሰቅሷታል፤ አስቀድማ ሠርታ ያስቀመጠችውን ኢንሱሊን በደቂቃዎች ውስጥ ትለቃለች፣ ቀጥላም አዲስ እየሠራች ታክላለች። ጉበትም የኢንሱሊኑን መምጣት ሲሰማ የራሱን ስኳር መልቀቁን ይቀንሳል።

በሁለተኛው ዓይነት ስኳር በሽታ ቀድሞ የሚጠፋው ያ የመጀመሪያው ፈጣን ልቀት ነው። ኢንሱሊኑ ቢመጣም ዘግይቶ ይመጣል፤ ሲመጣም ጡንቻውና ጉበቱ እንደ ድሮው አይታዘዙለትም። ከገበያ እህል እየገባ ሳለ ጎተራውም ክፍት ሆኖ ይፈሳል። በመጀመሪያው ዓይነት ደግሞ ቆሽት የምትልከው ኢንሱሊን የለም ማለት ይቻላል፤ በመርፌ የሚገባው ከምግቡ ጋር መሽቀዳደም አለበት። በሁለቱም ስኳሩ ብዙውን ጊዜ ከፍ ብሎ የሚታየው መብላት ከተጀመረ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ነው። የአሜሪካ የስኳር በሽታ ማኅበር ለአብዛኛው አዋቂ የሚያስቀምጠው ልክ፣ ምግብ ከተጀመረ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ውስጥ ከ180 በታች ነው። ለነፍሰ ጡር ልኩ ከዚህ ይጠብቃል፤ ለአዛውንት ደግሞ ሐኪሙ ሊያላላው ይችላል።

ሙላቱን ቤት ተቀምጦ ማየት የተቻለው በቅርብ ዘመን ነው። ከዚያ በፊት የነበረው የሽንት ምርመራ ነው፤ ሽንቱ ከሰማያዊ ፈሳሽ ጋር ይፈላል፣ ስኳር ከበዛበት የጡብ ቀለም ይይዛል። ኩላሊት ግን ስኳርን ወደ ሽንት የሚያሳልፈው ደም ውስጥ ከ180 ገደማ ሲያልፍ ነው፤ ሽንቱም ፊኛ ውስጥ ሰዓታት የተጠራቀመ ስለሆነ የሚያወራው የቆየ ወሬ ነው። ኤምስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የደም ስኳር መለኪያ ሲያወጣ ማሽኑ ከአንድ ኪሎ በላይ ይመዝን ነበር፤ የሚሸጠውም ለሐኪሞች ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 ከልጅነቱ ጀምሮ ስኳር ያለበት ሪቻርድ በርንስቲን የተባለ ኢንጂነር ማሽኑን ፈለገ፤ ሐኪም ስላልሆነ አይሸጥለትም። ሚስቱ ሐኪም ነበረችና በእሷ ስም ተገዛ። ሰውየው በቀን ደጋግሞ፣ ከምግብ በፊትም በኋላም ራሱን እየለካ የትኛው ምግብ ምን እንደሚያደርገው አወቀ። ኋላ በአርባዎቹ ዕድሜው ሕክምና ትምህርት ቤት ገብቶ ሐኪም ሆነ። የሰበከው አመጋገብ እጅግ ጥብቅ ነው፤ እንጀራ ለሚበላ ሰው እኔ በበኩሌ አልመክረውም። የመለካት ልማዱን ግን ዛሬ ሁላችንም ወርሰነዋል።

የዛሬዋ ማሽን ኪስ ትገባለች። ደሙን የምትቀበለው ስትሪፕ ጫፍ ላይ ስኳርን ለይቶ የሚይዝ ኢንዛይም ተለብጧል፤ ብዙ ጊዜ የሚሠራበት ግሉኮስ ኦክሲዴዝ ከሻጋታ የሚገኝ ነው። ኢንዛይሙ ግሉኮስ ሲያገኝ ኤሌክትሮን ይነጥቀዋል፤ ማሽኗ የምትለካው ያንን ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ፍሰት ነው። ስኳሩ በበዛ ቁጥር ፍሰቱ ይበረታል፤ አምስት ሴኮንድ ገደማ ቆይታ ቁጥሩን ታወጣለች። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደግማችሁ ብትለኩ ሌላ ቁጥር ብታዩ አትደናገጡ፤ ዓለም አቀፉ መስፈርት ራሱ ቁጥሩ ከ100 በላይ ሲሆን እስከ 15 በመቶ መሳሳትን ይፈቅዳል። እውነተኛው 200 ቢሆን 175ም 225ም ልትል ትችላለች።

በእጃችን የምንበላ ሰዎች ደግሞ የራሳችን ጣጣ አለን። ማንጎ የላጠ ጣት ሳይታጠብ ቢወጋ የሚለካው ደሙንና ማንጎውን አንድ ላይ ነው። በውኃና ሳሙና ታጥቦ በደንብ ማድረቅ ነው። የስትሪፑ ብልቃጥም ክዳኑ ተከፍቶ ከዋለ እርጥበት ይበላዋል።

ሌላው ጣጣ ከውጭ የሚላክ ማሽን ነው። ከስዊድን ወይም ከለንደን የመጣው 9.4 ይላል፤ እናት «ስኳሬ ወረደ» ብለው ይደነግጣሉ። እዚያ የሚለካው በሚሊሞል ነው፤ በ18 ሲባዛ 169 ይሆናል። ከአሜሪካ የመጣው እንደ እኛው በሚሊግራም ይናገራል። ሁለቱም ቢሆኑ ስትሪፑ እዚህ ካልተገኘ ጌጥ ናቸው። ስለዚህ ለወላጁ ማሽን የሚልክ ሰው መጀመሪያ የሰፈሩን ፋርማሲ ቢጠይቅ ይሻላል።

ወደ ምግቡ ስንመጣ፣ ሰው ስኳርን ከጣፋጭ ጋር ብቻ ስለሚያያይዘው ሻዩን ያለ ስኳር ጠጥቶ ፍርፍር በእንጀራ ይበላል። ፍርፍር በእንጀራ እንጀራን በእንጀራ መብላት ነው፤ ወጡም እንጀራ፣ መያዣውም እንጀራ። ሽሮና ምስር የራሳቸው ስታርች ቢኖራቸውም ፕሮቲንና አሰር ስላላቸው ወደ ደም የሚገቡት ቀስ ብለው ነው። ክትፎ በራሱ ስኳር የለውም፤ ቅቤው ግን ሆድን ስለሚያዘገየው አብሮት የተበላው እንጀራ ቁጥሩን ከሁለት ሰዓት በኋላም ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ጁስ ደግሞ ፍሬው ስለተፈጨና ስኳርም ስለሚጨመርበት በችኮላ ይገባል። ጎመኑንና ሥጋውን አስቀድሞ እንጀራውን ማስከተል፣ ከምሳ በኋላም ጋደም ከማለት ሩብ ሰዓት መራመድ፣ ቁጥሩን ይቀንሰዋል። የሚሠራ ጡንቻ ኢንሱሊንን ሳይጠብቅ ስኳር ይወስዳልና።

የሰዓቱ ቆጠራ የሚጀምረው ከመጀመሪያው ጉርሻ ነው። ድግስ ላይ ይህ ይከብዳል። ከአንድ ትሪ ስንት እንጀራ እንደተበላ አይታወቅም፣ ጉርሻን እምቢ ማለትም ነውር ነው። ገበታው ሲነሳ ቡናው ይቀርባል፤ ከቆሎውና ከዳቦው ጋር አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ሁለት ሰዓት ሲሞላ የሚለካው ምሳው ነው ወይስ የቡና ቁርሱ? ለመማር የሚመቸው ተራ የቤት ቀን ነው፤ ከምግቡ በፊት አንድ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ አንድ፣ መካከሉ ላይ ምንም። አንድ ስትሪፕ ብቻ ላለውም አንዳንዴ የማለዳውን ትቶ ከምሳ በኋላ ቢለካ ብዙ ያተርፋል። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ የተባለውን ክኒን የሚወስድ ሰው ግን ቁጥር ለማውረድ ብሎ ምግብ መዝለል የለበትም። ጾምም ቢሆን፣ የአቢይም ሆነ የረመዳን፣ ከሐኪም ጋር ይመከርበታል። ላብ ላብ ብሎት እጁ ከተንቀጠቀጠና ከ70 በታች ከታየ፣ ያን ጊዜ ሦስት የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር በውኃ በጥብጦ መጠጣትና ከሩብ ሰዓት በኋላ መልሶ መለካት ነው።

አክስቴ አሁን ደብተር አላቸው። ሽሮ በአንድ እንጀራ፦ በፊት 121፣ በኋላ 158። ፍርፍር በእንጀራ፦ በፊት 119፣ በኋላ 243። ይህን መስመር ሁለት ጊዜ አስምረውበታል። ባለፈው ሳምንት ያንኑ ፍርፍር በግማሽ ቀንሰው፣ ጎመን አስቀድመው፣ ቤተ ክርስቲያን ድረስ በእግራቸው ደርሰው ተመለሱና ጣታቸውን ታጠቡ። 187።

«ሰባት ብቻ ቀረኝ» አሉ ስትሪፑን እየነቀሉ።