አንድ ቅዳሜ በስፔክታክል ደሴት

እስቲ አንድ ጥያቄ እንጠይቃችሁ። ባልና ሚስት ከልጆቻችሁ ጋር ሆናችሁ፣ ማንም ሰዓቱን ሳያይ፣ ከጠዋት እስከ ማታ አብራችሁ የዋላችሁት መቼ ነው? ሠርግ፣ ልደት፣ ለቅሶና ኮንፈረንስ አይቆጠርም።

በአሜሪካ የምንኖር ብዙ ክርስቲያን ቤተሰቦች ለዚህ ቶሎ መልስ የለንም። ምክንያቱ ይታወቃል። ባል ከሌሊት ሥራው ሲገባ ሚስት ኮቷን ለብሳ በር ላይ ትጠብቀዋለች። ሕፃኑን ተቀብሎ የመኪናውን ቁልፍ ይሰጣታል፤ “ወተቱ ፍሪጅ ውስጥ ነው” ብላው ትወጣለች። ቅዳሜ ኦቨርታይም አለ። እሑድ የጌታ ቀን ነው፤ እርሱም ቢሆን እናት ከመዘምራን ጋር፣ አባት በመስተንግዶ፣ ልጆች በየክፍላቸው ሆነው ያልፋል። ጠብ የለም፤ ኩርፊያም የለም። ነገር ግን ባልና ሚስቱ ቀስ በቀስ የቤት ኪራይ የሚካፈሉ፣ ልጅ የሚቀባበሉ ሁለት ሠራተኞች ይሆናሉ። እንዲህ ያለ ትዳር ሳይጣሉበት ይቀዘቅዛል።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ሌላ የትዳር ትምህርት ከመጨመር ይልቅ አንድ ቦታ ልንጠቁማችሁ ወደድን። ቦስተንና አካባቢዋ ለምትኖሩ ደጃችሁ ላይ ነው። ኒውዮርክ ያላችሁ ገቨርነርስ ደሴት፣ ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ያላችሁም ኤንጅል ደሴት ስላላችሁ ሐሳቡን ወደ ራሳችሁ ከተማ መውሰድ ትችላላችሁ።

ደሴቲቱና ታሪኳ

ስፔክታክል ደሴት በቦስተን ወደብ ውስጥ የምትገኝ ትንሽ ደሴት ናት። ሁለት ኮረብቶች በቀጭን መሬት ተያይዘው መነጽር ስለሚመስሉ ነው ስሟ የወጣው። ጀልባው የሚነሣው ከመሀል ከተማ፣ ከሎንግ ዋርፍ ነው፤ በባቡር ለሚመጣ በሰማያዊው መስመር አኳሪየም ጣቢያ ላይ መውረድ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የባሕር ጉዞ ግማሽ ሰዓት አይሞላም።

ዛሬ ሣርና ዛፍ ለብሳ የምታዩአት ይህች ደሴት ለረጅም ዘመን ከተማው ማየት የማይፈልገው ነገር ሁሉ የሚጣልባት ነበረች። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።) በ1717 በመርከብ የመጡ ሕሙማን በሽታ ወደ ከተማው እንዳያስገቡ ተለይተው የሚቆዩበት ሆስፒታል ተሠራባት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሆቴሎች ተከፍተውባት ነበር፤ ቁማር ስለ ገነነባቸው በ1857 ፖሊስ ዘጋቸው። ከዚያ የሞቱ ፈረሶች እየተቀቀሉ ስባቸውና ቆዳቸው የሚወጣበት ፋብሪካ መጣ። በመጨረሻም የቦስተን ቆሻሻ መጣያ ሆነች። እስከ 1959 ድረስ ቆሻሻው ተቆልሎባት፣ ከዚያም በኋላ ለአሥርተ ዓመታት ወደ ባሕሩ ሲፈስ ኖረ።

የተለወጠችው በሌላ ሥራ ሰበብ ነው። ቦስተን በ1990ዎቹ በመሀሏ የሚያልፈውን አውራ ጎዳና ከመሬት በታች ለማስገባት ትልቅ ቁፋሮ ስትጀምር፣ የወጣው አፈር የሚጣልበት ቦታ ተፈለገ። መሐንዲሶቹ የደሴቲቱን ዳርቻ ገድበው፣ የቆሻሻውን ክምር በሸክላ አፈር ከድነው፣ በላዩ ለም አፈር አልብሰው በሺህ የሚቆጠሩ ዛፎችና ቁጥቋጦዎች ተከሉበት። በ2006 ለሕዝብ ተከፈተች። በአሁኑ ጊዜ ልጆቻችሁ የሚሮጡበት መንገድ ሥር ያ ሁሉ ቆሻሻ አለ።

ሰባኪዎቻችን ይህን ቢሰሙ ስብከት እንደሚያወጡለት አልጠራጠርም። ፍቅር የኃጢአትን ብዛት ስለ መሸፈኑ በ1ኛ ጴጥሮስ 4፥8 የተጻፈውንም ያነሣሉ። እኔ ግን ባለትዳሮች ምሳሌውን ብዙ እንዳይጎትቱት እመክራለሁ። እዚህ ደሴት ላይ ማንም ቆሻሻው የለም አላለም። ምን እንዳለ ታወቀ፣ ወደ ባሕሩ የሚያፈስሰው ቦታ ተገደበ፣ ከዚያ ተከደነ። በብዙ ቤት የሚደረገው ግን ሳይናገሩ መክደን ነው፤ እርሱ ውሎ አድሮ ያፈስሳል።

በጀልባ የሄዱት ደቀ መዛሙርት

“አገልግሎት እያለ ሽርሽር?” የሚል ወንድም ወይም እኅት አይጠፋም። እባካችሁ ማርቆስ 6፥30-34ን ዛሬ ማታ አብራችሁ አንብቡት። ሐዋርያት ከስብከት ጉዞ ተመልሰው ያደረጉትን ሁሉ ለጌታ ነገሩት። እርሱም ሌላ ሥራ አልሰጣቸውም፤ የሚመጣውና የሚሄደው ሰው በዝቶ እህል ለመቅመስ እንኳ ጊዜ ስላጡ፣ ለብቻቸው ሆነው እንዲያርፉ በጀልባ ይዟቸው ሄደ። ሕዝቡ ግን በእግሩ ሮጦ ቀደማቸው፤ ጌታም አዘነለትና ያስተምረው ጀመር። ስለዚህ ዕረፍት ሊቋረጥ እንደሚችል ቃሉ አልደበቀም። ቢሆንም ዕረፍቱን ያሰበው፣ ጀልባውንም ያስነሣው እርሱ ራሱ ነበር። (ስፔክታክል ደሴት በእግር እንደማይደረስባት ልብ በሉ!)

የደሴት ጉዞ ጥቅሙም ይኸው ነው። መናፈሻ ብትሄዱ መኪናችሁ አጠገባችሁ ስለሆነ አንድ ስልክ ይጠራችኋል። እዚህ ግን የምትመለሱት ጀልባው ሲመጣ ነው። ማንም “አንድ ጊዜ ደርሼ ልምጣ” ማለት አይችልም።

ቀኑን እንዴት ታውሉት?

ከመሄዳችሁ በፊት ባልና ሚስት በአንድ ነገር ተስማሙ፦ በዚያ ቀን የማይነሡ ጉዳዮች። የቤት ክፍያ፣ ከአገር ቤት የተጠየቀ ገንዘብ፣ የቤተ ክርስቲያን ክርክር። እነዚህ እሑድ ማታም ይጠብቋችኋል። ስልኮቹ አንድ ቦርሳ ውስጥ ይግቡ፤ አንዱ ብቻ ለፎቶና ለድንገተኛ ነገር ይውጣ።

ምሳውን ከቤት ያዙ። ወጥ በጀልባ ይፈስሳል፤ ቋንጣ ፍርፍር በደንብ በሚከደን ዕቃ፣ ዳቦ፣ ቆሎና ፍራፍሬ ይበቃል። ውኃ በብዛት ውሰዱ። ደሴቲቱ ላይ የቆሻሻ መጣያ ስለሌለ የያዛችሁትን ሁሉ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ፤ ባዶ ፌስታል አትርሱ። ከአገር ቤት የመጡ እናት ወይም አባት አብረዋችሁ ካሉ፣ መትከያው አጠገብ ባለው የእንግዳ መቀበያ ቤት በረንዳ ላይ በጥላ ተቀምጠው ባሕሩን ማየት ይችላሉ።

መጀመሪያ ወደ ሰሜኑ ኮረብታ ውጡ። ቁመቱ 48 ሜትር ያህል ነው፤ ትንንሽ ልጆችም ይወጡታል። ከላይ የቦስተን ሕንፃዎች፣ የሎጋን አውሮፕላኖችና የወደቡ ደሴቶች ይታያሉ። አባቶች፣ እዚህ ላይ ስለ ልጅነታችሁ ንገሯቸው። በአማርኛ ንገሯቸው። ቤት ውስጥ “ጫማህን አውልቅ፣ የቤት ሥራህን ሥራ” ብቻ ሲባልበት የሚሰሙት ቋንቋ ተረትና ሳቅም እንዳለው ይወቁ። በእንግሊዝኛ ቢመልሱላችሁ አትቆጡ፤ ቀጥሉ።

ከኮረብታው ላይ 12 ትልልቅ የእንቁላል ቅርጽ ያላቸው ጋኖች ታያላችሁ። ዲር አይላንድ ላይ ያለው የፍሳሽ ማጣሪያ ነው። ለትልልቆቹ ልጆች የዚያን ቦታ ታሪክ ንገሯቸው። በጆን ኤልየት አገልግሎት ክርስቶስን የተቀበሉ የአገሩ ተወላጆች ነበሩ፤ ኤልየት በቋንቋቸው የተረጎመው ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ በ1663 ታትሟል፤ በአሜሪካ ምድር የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ቅዱስ እርሱ ነው። በ1675 በቅኝ ገዢዎቹና በተወላጆቹ መካከል ጦርነት ሲነሣ፣ እነዚህ አማኞች በመልካቸው ተጠርጥረው ወደዚያች ደሴት ተወሰዱ። ክረምቱን ያለ በቂ ምግብና መጠለያ ከረሙ፤ ብዙዎቹም ሞቱ። ያጋዟቸው ያንኑ አምላክ የሚያመልኩ ሰዎች ነበሩ። ልጆቻችሁ በዚህ ላይ ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ መልሱን ቶሎ አትዝጉት፤ ቆማችሁ አብራችሁ ጸልዩ።

ከሰዓት በኋላ የባሕሩ ዳርቻ የልጆቹ ነው። በዋናው የመዋኛ ወቅት ላይፍጋርድ አለ። በአሸዋው ላይ ማዕበል ያለሰለሰው የጠርሙስና የሸክላ ስባሪ ሞልቷል፤ የዚያ የድሮ ቆሻሻ ቅሪት ነው። ማየትና መንካት ይቻላል፤ ወደ ቤት መውሰድ ግን ክልክል ነው። ልጆቹ በዚህ ሲጫወቱ እናንተ ሁለታችሁ እያያችኋቸው አጠገብ ለአጠገብ ተቀመጡ። መጀመሪያ ላይ ወሬ ቢጠፋችሁ አትደንግጡ። ለወራት በበር ላይ ብቻ የተነጋገሩ ሰዎች ወሬ እስኪመጣላቸው ጊዜ ይወስዳል።

ጀልባው የሚሠራው ከጸደይ መጨረሻ እስከ መከር መጀመሪያ ስለሆነ የዕለቱን ሰዓት ቀድማችሁ አረጋግጡ። ነፋሱ በሐምሌም ቢሆን ስለሚበርድ ለልጆቹ ሹራብ ያዙ። ለመመለስ የመጨረሻውን ጀልባ አትጠብቁ፤ ከእርሱ በፊት ባለው ተመለሱ፤ ደሴቲቱ ላይ ማደር አይፈቀድምና። ትንንሾቹ በመመለሻው ላይ እንቅልፍ ስለሚጥላቸው እስከ ባቡሩ ድረስ የምትሸከሟቸው እናንተ ናችሁ፤ ቦርሳው ቀላል ይሁን።