ወረራ፦ ደንብን የሚሸከም ስያሜ በኢትዮጵያ ሰንጠረዥ

የአንድ ጨዋታ ቃላት ሲሰበሰቡ ወደ መዝገበ ቃላት አስቀድመው የሚገቡት የጠጠሮቹ ስሞች ናቸው። ዳሩ ግን የጨዋታውን ረቂቅ አሠራር የሚሸከመው ቃል የጠጠር ስም ላይሆን ይችላል። በጥንታዊው የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ እንዲህ ያለው ቃል «ወረራ» ነው።

ሰንጠረዥ ከፋርስ ተነሥቶ በዐረቦች በኩል የተስፋፋው የሸጠረንጅ ወገን ነው። በዚህ ጨዋታ ከጠጠሮቹ ብዙዎቹ አዝጋሚዎች ናቸው፤ ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል፣ ፊል በሰያፍ ወደ ሁለተኛው ቤት ይዘላል፣ እግረኛውም አንድ አንድ ቤት ይገፋል። ስለዚህ ሁለቱ ወገኖች እስኪገናኙ ድረስ ጨዋታው ይንዛዛል። ይህን ችግር ሦስት ባህሎች በሦስት መንገድ ፈትተውታል። ዐረቦች «ተዕቢያ» ያሉትን፣ አስቀድሞ የተዘጋጀ አሰላለፍ መነሻ አደረጉ። አውሮፓውያን በ15ኛው ምእት ዓመት መጨረሻ ፈርዝን ወደ ንግሥት ለውጠው ሰሌዳውን እንድታቋርጥ ፈቀዱ። የእኛዎቹ ግን ጠጠሮቹን ሳይነኩ ተራን አስቀሩ፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፣ የፈቀዱትን ያህል ያንቀሳቅሱ ነበር። ወረራ የተባለው ይኸው ክፍል ነው። ሪቻርድ ፓንክኸርስትም እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ባሳተሙት ጥናት መዝግበውታል።

የብልሃቱ ስውር ክፍል እዚህ ላይ ነው። ተቃራኒው በየቅጽበቱ አሰላለፉን ስለሚለውጥ በቃል የተጠና አከፋፈት አይጠቅምም፤ የሚጠቅመው የባላጋራን እጅ መከታተል ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ሪቻርድ ጋርፊልድ ያወጣው «ማጂክ፦ ዘ ጋዘሪንግ» የተባለው የካርድ ጨዋታ ልዩ ደንቡን በየካርዱ ላይ ያትማል። ሰንጠረዥ የታተመ ካርድ የለውም፤ ደንቡን የያዘው ስያሜው ነው። የሚወር ሠራዊት ተራ አይጠብቅምና ቃሉን የሰማ ደንቡን ግማሽ ያውቃል።

እንግዲህ በምዕራብ ሸዋ ለካቺሲ ተማሪዎች ይህን ደንብ ወደ አፋን ኦሮሞ የሚመልስ ተርጓሚ አለ እንበል። ወረራን በዘመናዊው ቼዝ ልማድ «መክፈቻ» በሚል አቻ ቢመልሰው ተማሪው ተራውን ይጠብቃል። ፈርዝንም «ጊፍቲ»፣ ማለት ንግሥት፣ ቢለው አንድ ቤት የምትራመደው ጠጠር ሰሌዳውን ሁሉ ታቋርጣለች። ሁለት ቃላት ብቻ ተሳስተው ጨዋታው ሌላ ጨዋታ ይሆናል።

ስለዚህ ፈርዝና ንግሥት፣ ወረራና መክፈቻ በየራሳቸው ርእሰ ቃል ተለይተው እንዲፈቱ እናሳስባለን። ሰንጠረዥ ዛሬ በአብዛኛው በጽሑፍ የሚታወቅ ጨዋታ ነውና፣ ስያሜው ሲጠፋ ደንቡን የሚያስታውስ ተጫዋች ከጎን አይገኝም።