«ሞዴል 71»፦ በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ደም ያፈሰሰው ብርቅ ጠመንጃ

በጀርመን ቅኝ ገዥ ጦር እጅ የነበረው «ሞዴል 71» ማውዘር ጠመንጃ ዛሬ ከጥንታዊ የጦር መሣሪያ ሰብሳቢዎች ብርቅ ንብረቶች አንዱ ነው። በታንዛኒያ ግን ስሙ ከሐዘን ጋር ይነሣል።

ጠመንጃው በማውዘር ወንድማማቾች የተነደፈ ሲሆን፣ 11 ሚሊሜትር ጥይት ይተኩሳል፤ ክብደቱም 4.5 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። የጥይት ካዝና ስለሌለው ተኳሹ ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ አንድ ጥይት በእጁ ማጉረስ ነበረበት። ኢትዮጵያውያን አባቶች «ውጅግራ» ይሉት ከነበረው የፈረንሳይ ጠመንጃ ጋር የአንድ ዘመን ሥራ ነው። ጀርመን በአገሯ ፈጣን ጠመንጃዎችን ስትታጠቅ አሮጌዎቹን ወደ ቅኝ ግዛቶቿ ላከች።

እ.ኤ.አ. በ1888 የዛንዚባር ሱልጣን የጠረፉን አስተዳደር በውል ለጀርመን ምሥራቅ አፍሪካ ኩባንያ ሰጡ። የኩባንያው ሹማምንት ሰንደቃቸውን በግድ ሲሰቅሉ የፓንጋኒ ከተማ ሕዝብ ተነሣ። መሪያቸው የእርሻ ባለቤት የነበሩት አቡሺሪ ቢን ሳሊም አል-ሐርሲ ነበሩ። የበርሊን መንግሥት አመፁን እንዲያፍን ሄርማን ፎን ቪስማንን ላከ። ቪስማንም በካይሮ 600 ያህል ሱዳናውያንን ቀጠረ፤ ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ። ስለዚህ በዚያ ጠረፍ የባዕድ ጠመንጃ አንግቶ በሙስሊም ወገኑ ላይ የተኮሰው ሙስሊም ጥቂት አልነበረም። አቡሺሪ ተይዘው ዲሴምበር 15 ቀን 1889 (1307 ሂጅሪ) በፓንጋኒ ተሰቀሉ።

እ.ኤ.አ. በ1905 የጥጥ እርሻ የግዳጅ ሥራ ያስመረረው የደቡቡ ሕዝብ ተነሣ። ኪንጂኪቲሌ ንግዋሌ የተባለ መንፈሳዊ መሪ የተቀደሰው ውሃ የጀርመንን ጥይት ውሃ እንደሚያደርገው ሰበከ፤ በስዋሂሊ «ማጂ» ውሃ ማለት በመሆኑ አመፁ «ማጂ ማጂ» ተባለ። ጥይቱ ግን ጥይት ሆኖ ቀረ። ከጥይቱም ይልቅ የከፋው ረሃቡ ነበር፤ ጦሩ ማሳውንና ጎተራውን አቃጠለ። የሟቾቹ ቁጥር በጀርመን ግምት 75,000 ሲሆን፣ አንዳንድ የታሪክ ምሁራን 300,000 ያደርሱታል።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ከአስካሪዎቹ አብዛኞቹ አሁንም ይህንኑ ጠመንጃ ይዘው ነበር። ባሩዱ የሚለቀው ወፍራም ነጭ ጭስ የተኳሹን ስፍራ ለጠላት ያሳይ ነበርና፣ አስካሪዎቹ ከጠላት የተማረከ ዘመናዊ ጠመንጃ ሲያገኙ አሮጌውን ይተዉት ጀመር። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1914 በታንጋ በተደረገው ውጊያ ድል የሆነው የብሪታንያ ጦር ብዙ ጠመንጃና ጥይት ጥሎ ሸሸ። ኖቬምበር 25 ቀን 1918 ጦሩ በዛሬዋ ዛምቢያ እጁን ሲሰጥ፣ በአስካሪዎቹ እጅ ብዙ የተማረከ መሣሪያ ነበር። አሮጌው ጠመንጃ ዛሬ ብርቅ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2023 የጀርመኑ ፕሬዚዳንት ፍራንክ-ቫልተር ሽታይንማየር ወደ ሶንጌያ ከተማ ሄደው ስለ ተፈጸመው በደል ይቅርታ ጠይቀዋል። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1906 ከተሰቀሉት የማጂ ማጂ መሪ ከሶንጌያ ምባኖ ነው። ሰብሳቢው በብረቱ ላይ ቁጥርና ማኅተም ይፈልጋል፤ የሶንጌያ ቤተሰብ ደግሞ ወደ ጀርመን ተወስዷል የሚሉትን የአባታቸውን ራስ ቅል በክብር ለመቅበር ይፈልጋል።