የተያያዙ የሥራ መርሐ ግብሮችና የጋራ ፋይሎች አያያዝ

በድርቅ ለተጎዱ ወገኖች የሚደረግ ዕርዳታም ሆነ የመልሶ ማቋቋም ሥራ በአንድ መሥሪያ ቤት ብቻ ተጀምሮ የሚፈጸም አይደለም። እህል ከወደብ ሲራገፍ፣ የጭነት መኪና ሲመደብ፣ መጋዘን ሲዘጋጅ፣ የውኃ ጉድጓድ ሲቆፈርና ዘር ሲታደል፣ አንደኛው ተግባር የሌላውን ፍጻሜ ይጠብቃል። ይህ መጠባበቅ አስቀድሞ በዕቅድ ካልተያዘ የሚያስከትለው ጉዳት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያለፈው ዘመን አስተምሯል።

በ1977 ዓ.ም. ለረኀቡ መቋቋሚያ የመጣ እህል በአሰብ ወደብ ሲከማች፣ ከዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ የጭነት መኪናው ቁጥር መርከቦች ካራገፉት እህል ጋር አለመመጣጠኑ ነበር። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና ጎጃም ሲጓጓዝም በብዙ የሠፈራ ጣቢያዎች ሰው ከመጠለያው፣ ከንጹሕ ውኃውና ከሕክምናው ቀድሞ ደርሷል። በዚህም የብዙ ሰው ሕይወት ጠፍቷል።

ዛሬ እንዲህ ያለውን ትስስር ለመከታተል እንደ ማይክሮሶፍት ፕሮጀክት ያሉ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ያገለግላሉ። ይሁን እንጂ ብዙ ሰዎች በጋራ የሚሠሩባቸው የተያያዙ ፋይሎች ሥርዓት ካልተበጀላቸው ከጥቅማቸው ይልቅ ጉዳታቸው ሊያመዝን ይችላል።

የፋይሎቹ ግንኙነት

በዚህ አሠራር እያንዳንዱ ክፍል፣ ማለትም ትራንስፖርት፣ ውኃ፣ ጤናና ግብርና፣ የራሱን ንዑስ መርሐ ግብር በተለየ ፋይል ያዘጋጃል። አስተባባሪው ደግሞ እነዚህን በአንድ ዋና መርሐ ግብር ውስጥ ያሰባስባል። ዋናው ፋይል የሚይዘው የንዑሳኑን ግልባጭ ሳይሆን ወደ እነርሱ የሚያደርሰውን አድራሻ ነው። ስለሆነም በንዑሱ ፋይል የተደረገ ለውጥ በዋናው ላይ ይታያል፤ በዋናው በኩል የተደረገ ለውጥም ሲመዘገብ ወደ ንዑሱ ይተላለፋል።

በአንዱ ፋይል ያለ ተግባርም በሌላው ፋይል ካለ ተግባር ጋር ሊያያዝ ይችላል። ለምሳሌ ያህል፣ በውኃ ክፍል ፋይል ያለው የጉድጓድ ቁፋሮ በትራንስፖርት ፋይል ካለው የተመላሾች ጉዞ መጀመሪያ ጋር ተያይዞ ቢገኝና ቁፋሮው 10 ቀን ቢዘገይ፣ በመካከሉ ትርፍ ጊዜ ከሌለ ጉዞውም በ10 ቀን ይገፋል። ይህም ሕዝቡ ውኃ ወደሌለበት ቦታ ከመላኩ በፊት ኃላፊው እንዲያውቅ ያደርጋል።

የጋራ ሀብት ጉዳይ

ሦስት ክፍሎች ከአንድ የ40 የጭነት መኪና ጓድ እያንዳንዳቸው 20 መኪና ለአንድ ሳምንት ያቅዱ እንበል። እያንዳንዱ ፋይል ለብቻው ሲታይ ጉድለት የለበትም። ሲደመሩ ግን 60 መኪና ይጠይቃሉ። መኪናዎቹ በአንድ የጋራ ሀብት መዝገብ ፋይል ተመዝግበው ሦስቱም መርሐ ግብሮች ከዚያ እንዲወስዱ ከተደረገ፣ የ20 መኪናው ጉድለት ሾፌሮቹ ከመነሣታቸው በፊት ይገለጣል።

ችግር የሚፈጠርባቸው ሁኔታዎች

ፋይልን ቀድሞ የከፈተ ሰው የመጻፍ ፈቃድ ሲኖረው ተከታዩ ለንባብ ብቻ ይከፍታል። ተከታዩ ሠራተኛ ሥራው እንዳይጠፋበት በሌላ ስም ቢያስቀምጠው ሁለት የተለያዩ ዕቅዶች ይፈጠራሉ፤ ዋናው መርሐ ግብር ግን የሚያውቀው አንዱን ብቻ ነው። እንዲሁም የፋይል ስም ሲለወጥ፣ ቦታው ሲዛወር ወይም በአሮጌ ቅጂ ሲተካ ግንኙነቱ ሊቋረጥ፣ ፋይሉም ሊበላሽ ይችላል። ከሁሉ የሚከፋው ማስጠንቀቂያ ሳይታይ የቆየ ቀን እንደ ትክክለኛ ሲነበብ ነው።

ሊወሰዱ የሚገባቸው ጥንቃቄዎች

1. ለእያንዳንዱ ፋይል አንድ ኃላፊ ይመደብ፤ ሌሎቹ ለንባብ ብቻ ይክፈቱት።

2. ፋይሎቹ ሁሉ በአንድ የጋራ ሰርቨር ላይ ይቀመጡ፤ ስማቸውና ቦታቸው ሥራው ከተጀመረ በኋላ አይለወጥ።

3. በኢሜይል ወይም በፍላሽ የተላከ ቅጂ መመልከቻ እንጂ መሥሪያ አይሁን።

4. የማሻሻያ ቀንና ሰዓት ይወሰን። ንዑሳኑ አስቀድመው ይታረሙ፤ ዋናው ከዚያ በኋላ ይከፈት።

5. መጠባበቂያ ቅጂ የሁሉም ፋይሎች በአንድነት ይወሰድ፤ አንዱን ብቻ ከአሮጌ ቅጂ መመለስ ከሌሎቹ ጋር ያለውን ትስስር ያዛባልና።

6. የመነሻ ዕቅዱ ተለይቶ ይቀመጥ፤ መዘግየት የሚለካው ከእርሱ ጋር በማነጻጸር ነው።

7. የኔትወርክ አገልግሎት የሌላቸው ወረዳዎች በስልክ ወይም በጽሑፍ ሪፖርት ያድርጉ፤ ወደ ፋይሉ የሚያስገባው ግን የተመደበው ኃላፊ ብቻ ይሁን።

በመጨረሻም ፕሮግራሙ የሚያሰላው የተነገረውን ብቻ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ያልተጠናቀቀ ጉድጓድ ተጠናቀቀ ተብሎ ቢመዘገብ ከእርሱ ጋር የተያያዘው ቀን ሁሉ ሐሰት ይሆናል። የክረምት ዝናብ የዘሩን መድረስ ስለማይጠብቅ፣ መዘግየትን በወቅቱና በሐቅ ማስታወቅ የእያንዳንዱ ክፍል ግዴታ ነው።